ሁለት ጣት

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 21። ከአልጀርስ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ

አሸነፍኩ። 5,316 ነጥብ። ከአንድ አገር አንዲት ብቻ ናት የምትሄደው፤ በጁላይ ቱኒስ የምሄደው እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ዋሂባ ርዝመት ዝላይ ላይ ሦስቱንም ሙከራ አበላሸች። ዜሮ።

አሁን ከጎኔ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። መንገዱ እጄን ይነቀንቀዋል። ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 22። ሴቲፍ

ጠዋት እማ በረንዳ ላይ ሆና ለጎረቤታችን ለኻልቲ ዝሁር ስታስረዳ ሰማኋት።

«ሰባት ነገር ነው የምትሠራው። አርብ መሰናክል ትሮጣለች፣ ከፍታ ትዘላለች፣ አሎሎ ትወረውራለች፣ ሁለት መቶ ትሮጣለች። ቅዳሜ ደግሞ አሸዋ ላይ ትዘላለች፣ ጦር ትወረውራለች፣ መጨረሻ ላይ ነፍሷ እስኪወጣ ስምንት መቶ ትሮጣለች።»

«ጦር?» አለች ኻልቲ ዝሁር። «ማንን ልትወጋ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሳ ሳቅሁ፤ ወዲያው ዋሂባ ትዝ አለችኝ።

ይህ ደብተር የልምምድ ቁጥር መመዝገቢያ ነበር። ስንት ዙር እንደሮጥኩ፣ ስንት ኪሎ እንዳነሳሁ፣ አሎሎው የት እንደወደቀ። ዛሬ ግን ቁጥር መጻፍ አስጠላኝ። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው፣ ከዚያ ይወጣልኛል።

ከአርቡ አራት ውድድሮች በኋላ ዋሂባ በ141 ነጥብ ትመራኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ርዝመት ዝላይ። ያለን ሦስት ሙከራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው የመነሻውን ጣውላ ረግጣ አለፈች፣ ቀይ ባንዲራ፣ አይቆጠርም። በሁለተኛውም ቀይ። አሠልጣኞች ከአጥር ወዲያ ናቸው፤ የእኛው ሲ ላኽዳር ደግሞ ከዚያ ርቀት ግመልና አህያ አይለዩም። ስለዚህ እኛ ሰባቱን የምንወዳደር ልጆች አንዳችን የሌላችንን እግር እናነባለን። ጣውላው አጠገብ ትቆሚያለሽ፣ የጓደኛሽ የጫማ ጫፍ በስንት እንዳለፈ ታያለሽ፣ በጣት ለክተሽ ትነግሪያታለሽ። እሷም በነገርሻት ልክ የመንደርደሪያ ምልክቷን ወደ ኋላ ትስባለች። ተቀናቃኝሽ ብትሆንም ታነቢላታለሽ። በተለይ ተቀናቃኝሽ ስትሆን። አንድ ነገር ብቻ የሚወዳደሩት ልጆች ይህን ስንነግራቸው ይስቁብናል።

ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ዋሂባ አሸዋውን ከጭኗ እያራገፈች መጣች።

«ዙሊኻ፣ ስንት ነው?»

«ሁለት ጣት» አልኳት።

ለጥንቃቄ ብላ ሦስት ሳበች። ሦስተኛውን ዘለለች። እንዲያ ስትዘል አይቻት አላውቅም፤ ከስድስት ሜትር በላይ ነበር። ቀይ ባንዲራ። በአንዲት ጣት።

ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች። ዳኛውም ጣውላው ጠርዝ ላይ የጫማ ምልክት የሚቀርበትን ሰም ገና ሳይታይ በቢላው ያስተካክለዋል።

ዋሂባ አላለቀሰችም። ሌላ ስፖርት ቢሆን ዜሮ ያገኘች ሰው ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። እኛ ጋ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል፣ ምክንያቱም ከስምንት መቶው በኋላ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን አንድ ዙር እንዞራለን። ጦሯን ወረወረች። ስምንት መቶውን አንደኛ ወጣች። በዙሩ ላይ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 24

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጨበጨቡልኝ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች «አስተማሪ፣ ሰባት ሜዳሊያ ነው የሰጡሽ?» አሉኝ። አንድ ነው አልኳቸው፣ ቅር አላቸው።

ልምምድ ላይ ዋሂባ የለችም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 26

ዛሬም የለችም። ሲ ላኽዳር የአሎሎ ክቡ ላይ ተቀምጠው የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈሉ ጠሩኝ። እኔንም ዋሂባንም ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠኑን ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ይልቅ የሰደቡኝ እሳቸው ናቸው።

«ዋሂባን ምን ነካት? ይቺ ልጅ ምልክቷ ጠፍቶባት አያውቅም። ያነበብሽላት አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ነበር?»

«ሁለት ጣት ያህል።»

«ሁለት ከሆነ፣ ሦስት ስባ እንዴት ነው እንደገና የምታልፈው?»

«ፈጥና ይሆናላ» አልኩ።

ፍሬውን ማኘክ ተዉ። «ፈጥና» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ፍጥነቷን መግታት አቅቷታል ማለት ነው። በሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የሚጀምረው። እግር ከጭንቅላት መስማማት ይተዋል።»

«ፈጥና ይሆናላ» የሚለውን ከየት አመጣሁት? ቀድሞ ምላሴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ይመስል ነበር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ዋሂባ ቤት ሄድኩ። እናቷ ኻልቲ ጀሚላ ሸኽሹኻ ሠርተው ጠበቁኝ፤ «ብይ፣ አንቺ እንኳ ብይልኝ፣ እሷ አፏን ዘግታብኛለች» አሉኝ። ሁለት ሳህን በላሁ። ምን ዓይነት ሆድ ነው ያለኝ።

ዋሂባ መኝታ ቤቷ ውስጥ የስፖርት ልብሷን አጥፋ ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ሲ ላኽዳር ደወሉልኝ» አለች። «ፍጥነትሽን መቆጣጠር ተስኖሻል አሉኝ። ልክ ናቸው። አንቺ ሁለት ብለሽኛል፣ እኔ ሦስት ስቤያለሁ፣ ደግሜ አለፍኩ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል?»

«አንዳንዴ ያጋጥማል።»

«አያጋጥምም። እግሬ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ሳልዘል በፊት የት እንደምረግጥ አውቅ ነበር ዙሊኻ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቅ ነበር። ሦስተኛው ላይም አውቄያለሁ ብዬ ነበር የሮጥኩት።»

እጮኛዋ ፋሩቅ በረሃው ውስጥ ሐሲ መስዑድ ነዳጅ ላይ ነው የሚሠራው፤ አራት ዓመት ጠብቋታል። በኦገስት መጀመሪያ ሠርግ ይሁን ብላዋለች። ከዚያ እሱ ጋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። እዚያ ያለው ሜዳ አሸዋ ብቻ ነው፤ መንደርደሪያ ግን የለውም ብላ ቀለደች።

አልሳቅሁም። ካርቶኑን በፕላስተር ሳሽግላት ቆየሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 3

ስለ ፀሐይዋ አስቤበታለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጥላዬ ጣውላው ላይ ወድቆ ዳኛው «እህት፣ ጥላሽን አንሺልኝ» ብሎኝ ወደ ጎን ተንቀሳቅሻለሁ።

ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች እንግዲህ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሜይ 9

ጋት ነበር እንበል። ሁለት ጣት ሳይሆን አራት፣ ድፍን ጋት። እንበል ነው ያልኩት።

ሁለት ጊዜ ለሳተች ልጅ «ጋት ሙሉ አልፈሻል» ብትያት ምን ትሆናለች? ትፈራለች። ስትፈራ እርምጃዋን ታሳጥራለች፣ አምስት ሜትር ከሃምሳ ዘላ ትወጣለች። ስለዚህ ያን ጊዜ ያልኩት እሷን ላለማስፈራት ነው። ደግሞም እሷ በራሷ ግማሽ ጫማ ብትስብ ማን ይከለክላት ነበር? የማንም አዋቂ ኃላፊነት የራሱ ነው።

ደግሜ ሳነበው ሚስቱን ደብድቦ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ይመስላል።

ሐሙስ፣ ሜይ 17

ረመዷን ገባ። ልምምድ ከማፍጠሪያ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ። አፌ ደርቋል። ጦር 41.20። ጾሙ ሌላ ነገር ላለማሰብ ይረዳል ብዬ ነበር፣ አልረዳም።

እሑድ፣ ሜይ 20

ሲ ላኽዳር ዛሬ አስቀመጡኝ።

«ስም ወደ ቱኒስ የሚተላለፈው በወሩ መጨረሻ ነው» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት የሠራች ልጅ በአንዲት ጣት ስትቀር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ሌላ ማጣሪያ እንዲደረግላችሁ አመለክታለሁ። ከዚህ በፊት ተደርጎ ያውቃል። አንቺ አሸንፈሻል፣ እምቢ ብትይ ማንም አይፈርድብሽም። ግን ልጠይቅሽ።»

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አልኩ። «ዋሂባ ከፈለገች።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሲ ላኽዳር! ትከሻዬን ያዙና «እኔ ያሳደግኳችሁ ልጆች ናችሁ» አሉኝ።

ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ደወሉላት። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «አይ ሲ ላኽዳር፣ አላህ ይስጥልኝ። ሰው ፊት ቆሜ ለሁለተኛ ጊዜ በራሴ እግር አልዋረድም። ዙሊኻ ትሂድ፣ ይገባታል።»

እንደማትፈልግ አውቅ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። «ከፈለገች» ስል እንደማትፈልግ አውቅ ነበር፣ ለምን እንደማትፈልግም አውቅ ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 28

ኻልቲ ጀሚላ በማፍጠሪያ ሰዓት ቡረክ ላኩልን። ሳህኑን ያመጣው የዋሂባ ወንድም መልእክትም ይዟል፤ «ዙሊኻ ለልጄ እህት ሆናታለች፣ ሌላ ማጣሪያ ይደረግላት ማለቷን ሰምተናል፣ አላህ ይክፈላት» ብለዋል።

እማ ኩራቷ ሾርባዋን አስረሳት። «ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሽ የሚሉሽን?»

ሰማሁ። ሁለት ቡረክ በላሁ። ሳህኑን አጠብኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 31

ስሜ ተላለፈ። አለቀ።

ረቡዕ፣ ጁን 6

ሁሉም ተኝቷል። እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ገጹን እቀደዋለሁ።

ዋሂባ ለሁለተኛው ሙከራ ስትሮጥ ጣውላው አጠገብ ነበርኩ። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። የጫማዋ ጫፍ ሰሙ ላይ አረፈ። ዳኛው አላስተካከለውም ነበር፣ ጎንበስ ብዬ እጄን አጠገቡ አድርጌ ለካሁት። አራት ጣቴ ሙሉ በሙሉ ገባበት። ጋት። እሷ አሸዋው ውስጥ ወድቃ ገና እየተነሳች ነበር።

እኔ የመጀመሪያ ሙከራዬ 5.71 ነበር። እሷ አንድ ጥሩ ዝላይ ካገኘች መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ነጥብ ትርቀኛለች፤ በጦር ልደርስባት አልችልም፣ በስምንት መቶ ደግሞ ከኋላዋ ነኝ። ይህን ሁሉ ከአሸዋው ተነስታ እኔ ጋ እስክትደርስ አሰብኩት። ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ በሒሳብ ሰነፍ ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን ሒሳቡ እንዴት እንደቀለለኝ።

«ስንት ነው?» ስትለኝ ዓይኗን አየሁ። «ሁለት ጣት» አልኩ።

እንዳላስፈራት ብዬ አይደለም። ለእሷ ብዬ አይደለም። ቱኒስ መሄድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆኜ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ፣ አንዴ እንኳ አንደኛ መሆን ፈለግሁ።

ደግሞ ሦስተኛውን ስትዘል ልቤ «እለፊ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 7

አልቀደድኩትም።

ዓርብ፣ ጁን 15። ዒድ

ዋሂባና ኻልቲ ጀሚላ መጡ። የዒድ ጣፋጭ፣ መቅሩድ አመጡ፤ እኛም ሰጠናቸው፤ የሠራነው ያው አንድ ዓይነት ነው፣ ተለዋወጥን። እማና ኻልቲ ጀሚላ ስለ ሠርግ ድንኳን ሲያወሩ ዋሂባ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሜዳ እመጣለሁ» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም። «ልትሠሪ?»

«ምን ልሠራ? ላንብብልሽ ነዋ። ሲ ላኽዳር ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ቱኒስ በተበላሸ ምልክት ብትሄጂ ሁለታችንም እናፍራለን።»

«አያስፈልግም፣ ሠርግ አለብሽ» አልኳት።

«ሠርጉ የእናቴ ነው፣ የምታገባው እሷ ናት» አለች።

ረቡዕ፣ ጁን 20

መጣች። በጂንስና በሸበጥ ጣውላው አጠገብ ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበችልኝ። «አንድ ጣት ከውስጥ፣ አላለፍሽም።» «ሦስት ከውስጥ፣ ትንሽ ወደ ፊት ነይ።» «ግማሽ ጣት አልፏል፣ ንፋሱ ነው፣ ምልክትሽን አትንኪ።» አንዴ ስላልታየኝ «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት፤ ቀና ብላ በመገረም አየችኝ። እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም። እኛ አንጠያየቅም።

ማንም ሰው እንዲህ በትክክል አንብቦልኝ አያውቅም። 6.02 ዘለልኩ።

ሰኞ፣ ጁን 25

ዛሬም መጣች። ልነግራት ነበር። ሲ ላኽዳር መጡ።

ሐሙስ፣ ጁን 28

ልነግራት ነበር። ፋሩቅ ደወለላት።

እሑድ፣ ጁላይ 1

ማንም አልመጣም፣ ማንም አልደወለም፣ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጠን ሐብሐብ በላን። አልነገርኳትም። ከቱኒስ ስመለስ እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት እኔም እረበሻለሁ፣ እሷም ከንቱ ልፋት ይሆንባታል።

«እሷም» ብዬ መጻፌ! አሁንም ለእሷ ያሰብኩ መስዬ።

እሑድ፣ ጁላይ 8። ቱኒስ

ሦስተኛ። ነሐስ። 5,488። በሕይወቴ ያላገኘሁት ነጥብ።

ሰኞ፣ ጁላይ 9። አየር ማረፊያ

በረራው ዘግይቷል። ትናንት የሆነውን ልጻፍ።

ርዝመት ዝላይ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ጣውላውን አለፍኩ፣ ቀይ ባንዲራ። በሁለተኛውም ቀይ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ይኸው መጣልኝ፣ ፍርዴን አገኘሁ አልኩ። ጣውላው አጠገብ የቆመችው ኢብቲሳም የምትባል የአገሩ ልጅ ናት። በነጥብ በሃያ ብቻ ነው የምበልጣት፤ እኔ ዜሮ ካገኘሁ ነሐሱ የእሷ ነው፣ ለዚያውም በአገሯ፣ እናቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ እየጮኸችላት።

ሳልጠይቃት «ጋት ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «ምንም አትፍሪ፣ ሙሉውን ሳቢ።»

ቆሜ አየኋት። ለምንድን ነው እውነቱን የምትነግረኝ? አልኩ በልቤ። ብዙ እንድስብና እንዳሳጥር ፈልጋ ይሆናል። ሁለት ጣት ይሆናል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ሰው እግሬን ሲያነብልኝ አንድም ቀን ተጠራጥሬ የማላውቀው። እጇን ሰሙ አጠገብ አድርጋ፣ አራት ጣቷን ዘርግታ ታሳየኝ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ላብ ብቻ።

ጋት ሙሉ ሳብኩ። 5.98።

እሷ በመጨረሻ አራተኛ ወጣች፣ በሠላሳ ሦስት ነጥብ በለጥኳት። ዙሩን ስንዞር እጄን ይዛ እየሳቀች «አየሽ፣ አልኩሽ አይደል?» አለችኝ። አለቀስኩ። ሰው የደስታ መስሎት ፎቶ አነሳኝ።

ዋሂባ መልእክት ልካልኛለች፦ «5.98 ሲሉ ቤታችን ውስጥ ጮህኩ። እናቴ የወለድኩ መሰላት።»

ሐሙስ፣ ጁላይ 12

ነገርኳት።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ነበርን። ዋሂባ የሠርጉን ካራኩ ቀሚስ ለብሳ፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ መርፌ ተሰክቶባት፣ እጇን ዘርግታ በርጩማ ላይ ቆማ ነበር። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ «ጫፉ ተስተካክሏል?» ስትል ዋሂባ «ዙሊኻን ጠይቂያት፣ የእሷ ዓይን አይስትም» አለች።

ተስተካክሏል አልኩ። ሰፊዋ ክር ልትገዛ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ አፌ ተከፈተ።

«ሁለት ጣት አልነበረም።»

«ምኑ?»

«አልጀርስ። ሁለተኛው ሙከራሽ። ጋት ነበር።»

እጇን አላወረደችም፤ መርፌው አያስወርድም። «አላየሽውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ። ለክቼዋለሁ።»

ይቅርታ፣ አሸናፊነት፣ ቱኒስ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ምን ምን እንደዘበዘብኩ አላስታውስም። አልሰማችኝም። ጣቷን እየቆጠረች ነበር።

«አራት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ሳብኩ። አንድ ይቀራል። ሦስተኛው ያለፈው በስንት ነው?»

«በአንድ ጣት።»

«ከምልክቴ ያንኑ ያህል ርቄ ነው የረገጥኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ያህል ነው የረገጥኩት።»

«አዎ።»

«እግሬ ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር፣ ዋሂባ።»

ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መስታወቱ ውስጥ እግሯን ነበር የምታየው፣ ከቀሚሱ ሥር የወጣውን ባዶ እግሯን።

«ሦስት ወር ሙሉ ስረግመው ከረምኩ» አለች። «ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ይዞኝ እንዳይወድቅ ግድግዳ እየያዝኩ። ማጣሪያውን ብትወስጂብኝ ምንም አልነበረም። ማጣሪያ በየዓመቱ አለ።»

ከዚያ «ሂጂ» አለችኝ። «ሴትዮዋ ሳትመለስ ሂጂ። በዚህ ሁሉ መርፌ ማልቀስ አልችልም።»

ሰኞ፣ ጁላይ 16

ለሲ ላኽዳርም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ አድርገውት አዩኝ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉት።

«እኔም ለእሷ ደወልኩላት» አሉ። «እግርሽ አልቋል ብዬ በገዛ አፌ ነገርኳት። አፌን ተዋስሽኝ ማለት ነው።»

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ልምምድ ረቡዕ ነው» አሉና ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 4

ሠርጉ ትናንት ነበር። እማ ብቻዋን ሄደች። እኔ ራሴን አሞኛል አልኩ።

ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቆንጆ ነበረች» አለች። «ጀሚላ 'ዙሊኻ የታለች' ብላ ጠየቀችኝ፣ ዋሂባ 'እማ፣ ተያት፣ ደክሟት ነው' አለቻት። ምንድን ነው ያጣላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ ምን?»

«የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ወንድ ነገር መሰላት መሰለኝ፤ «ያልፋል» አለችና ፀጉሬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። ለኻልቲ ጀሚላ አልተናገረችብኝም፣ ዋሂባ። እናቷ ዛሬም እህቷ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት።

ሰኞ፣ ኦገስት 27

ዋሂባ ሜዳ መጣች። ወደ ደቡብ አልወረደችም፤ ፋሩቅ አራት ሳምንት እዚያ፣ አራት ሳምንት እዚህ ይሆናል ብለው ተስማምተዋል፣ ይህን የሰማሁት ሲ ላኽዳር ለአጥር ጠባቂው ሲነግሩት ነው። ለእኔ ሰላምታ ሰጠችኝ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ያው ይህ ነው።

መሰናክል አብረን ሠራን። አሎሎ አብረን ወረወርን፣ አሎሎዬን አንስታ አቀበለችኝ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይመስል ነበር፣ ወሬ ብቻ የለም።

ርዝመት ዝላይ ላይ ሲ ላኽዳር ጣውላው አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ሊያነቡላት ነው። ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው ያዛቸው፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው አያይም፤ የነገሯት ሁሉ ስህተት ነበር፣ እሷም አውቃለች፣ እሺ እያለች ትሰማቸው ነበር። እኔ ከመንደርደሪያው ማዶ፣ ጣውላው ትይዩ ሆኜ ተራዬን እጠብቃለሁ።

አራተኛው ላይ ጥሩ አድርጋ ዘለለች። ከአሸዋው ስትነሳ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ነበር፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ዘወር ብላ ሳታስበው ወደ እኔ «ስንት ነው?» አለች።

አይቼው ነበር። «ሁለት ጣት ከውስጥ» አልኳት። እውነት ነበር።

ፀጉሯን ከፊቷ አነሳች። ማንን እንደጠየቀች ያን ጊዜ ነው ያየችው። አሸዋውን ዞራ እስከ ጣውላው ተመልሳ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ ጣቷን ዘርግታ ራሷ ለካችው።